የእናት ቀን ወይስ የእናቶች ቀን?
(የአና ጃርቪስ ሕይወት)

ቀን ያልተመደበለት ነገር እየጠፋ ሄዷል። ሬዲዮ በከፈትን ቁጥር ዛሬ የዓለም የእጅ መታጠብ ቀን ነው፣ ዛሬ የዓለም የሻይ ቀን ነው፣ ዛሬ የዓለም የመጸዳጃ ቤት ቀን ነው ሲባል እንሰማለን። በሚያዝያ ወር የመጨረሻ ቀን ደግሞ የዓለም የአህያ ቀን ይውላል። ይህን የሰማን ጊዜ ከመካከላችን ያልሣቀ የለም። ሆኖም ውኃውንም እህሉንም ማገዶውንም በጀርባዋ ተሸክማ ለምታኖረን አህያ ከዓመቱ ቀናት አንዱ ቢሰጣት በዛባት የሚያሰኝ አይደለም።

ለመሆኑ ቀን የሚመድበው ማን ነው? አንዳንዱን መንግሥታት ተስማምተው ይወስኑታል። አንዳንዱን ነጋዴ ለገበያው ሲል ያወጣዋል። አንዳንዱን ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ተነሥቶ ይጀምረዋል። ወንድሞችና እኅቶች፣ በዚህ ጽሑፋችን የምናነሣው ይህን የመጨረሻውን ዓይነት ነው። በግንቦት ወር «እንኳን ለእናቶች ቀን አደረሳችሁ» እየተባባልን የምናከብረውን ቀን የጀመረችው አና ጃርቪስ የተባለች አሜሪካዊት ናት። ይህን ብዙ ሰው ያውቀው ይሆናል። ይኸው ቀን ከሕግ መጽሐፍ እንዲሰረዝላት በስተርጅናዋ በየሰው ደጅ እየዞረች ፊርማ ትሰበስብ እንደ ነበር ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስንጠቅስ ለይተን እንናገራለን።

የአናን ታሪክ ከእናቷ መጀመር ግድ ነው። እናቷ ወይዘሮ አን ሪቭስ ጃርቪስ በ1832 በቨርጂኒያ ተወልደው፣ አግብተው የኖሩት በኋላ ዌስት ቨርጂኒያ በተባለው ተራራማ አገር ነው። በዚያ ዘመን በዚያ አገር ኩፍኝና ተስቦ ልጅ አያስቀሩም ነበር። ወይዘሮ አን ከአሥር በላይ ልጆች ወልደው ለአካለ መጠን የደረሱላቸው አራት ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለ ሐዘን የደረሰበት ሰው ቤቱን ዘግቶ ቢቀመጥ ማንም አይፈርድበትም። እርሳቸው ግን በ1858 የመንደሩንና የአካባቢውን ሴቶች ሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ። ሐኪም ወንድም ነበራቸውና ከእርሱ እየተማሩ፣ ውኃ እንዴት እንደሚፈላ፣ ቤትና ግቢ እንዴት እንደሚጸዳ ለየቤቱ ያስተምሩ ጀመር። ለሕፃናት የሚሸጠውን ወተት ይመረምራሉ፤ ገንዘብ አዋጥተው መድኃኒት ይገዛሉ፤ እናቲቱ በሳንባ ነቀርሳ የተኛችበት ቤት ሲያገኙ ደግሞ ልጆቹን የምታይና ቤቱን የምትይዝ ሴት ይቀጥራሉ። የእኛ ዕድር ሞት ሲመጣ ይሰበሰባል፤ የወይዘሮ አን ማኅበር ሞት እንዳይመጣ የሚሰበሰብ ዕድር ነበር ብንል ሳያስኬድ አይቀርም። ማኅበሩንም የእናቶች ቀን የሥራ ማኅበር ብለው ሰየሙት። እናቶች ብለው በብዙ ቁጥር መሰየማቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1861 የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ያ አገር ለሁለት ተከፈለ። ከአንድ ሰፈር አንዱ ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወደ ደቡብ ጦር ሄደ። ወይዘሮ አን ማኅበርተኞቻቸው ወደ አንዱ ወገን እንዳያደሉ አደረጉ። ሴቶቹም የሁለቱንም ወገን ቁስለኞችና በየሰፈሩ በተስቦ የሚያልቁትን ወታደሮች ያለ ልዩነት አስታመሙ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ቂሙ አላበቃም ነበርና በ1868 ፕሩንቲታውን በተባለች ከተማ፣ በፍርድ ቤቱ ግቢ፣ ሁለቱም ወገን የተዋጉ ሰዎች ከነቤተሰባቸው እንዲገናኙ ጠሩ። ጠብ ይነሣል ብለው የፈሩ ብዙዎች ነበሩ። ስብሰባው ግን በሰላም ተፈጸመ። ከመቃብርና ከቁስል በቀር ሌላ የሚያገናኛቸው ያልነበራቸውን ሰዎች ያስታረቁት እናቶች ነበሩ ማለት ነው።

አና የተወለደችው ጦርነቱ ሳያበቃ በ1864 ዌብስተር በተባለች መንደር ነው። ቤተሰቡ ወደ ግራፍተን ከተማ ከተዛወረ በኋላ እናቷ በአንድሩስ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት ለ25 ዓመት ያህል ሕፃናትን አስተምረዋል። እንደሚተረከው፣ በ1876 አንድ እሑድ ወይዘሮ አን በመጽሐፍ ቅዱስ ስላሉ እናቶች አስተምረው ሲጨርሱ፣ አንድ ቀን አንድ ሰው ተነሥቶ ለእናቶች መታሰቢያ የሚሆን ቀን እንዲያቆም ተመኝተው ጸለዩ። አና የ12 ዓመት ልጅ ሆና ከተማሪዎቹ መካከል ተቀምጣ ነበር። ከእኛ መካከል ሰንበት ትምህርት ቤት ተቀምጦ በመስኮት ውጭ ውጭውን ሲያይ የዋለ ብዙ አለ። አና ግን ያንን ጸሎት ሰማች፤ ሰምታም አልረሳችውም።

አና ቨርጂኒያ ውስጥ በሚገኝ የሴቶች ኮሌጅ ተማረች። ተመልሳ በግራፍተን አስተማሪ ሆነች። ከዚያም ወደ ቴነሲ ሄዳ በባንክ ገንዘብ ተቀባይነት ከሠራች በኋላ ወንድሟ ወደሚኖርበት ፊላደልፊያ ገባች። በዚያም በአንድ ትልቅ የኢንሹራንስ ኩባንያ ተቀጥራ የማስታወቂያ ጽሑፎች አዘጋጅ ሆነች። ይህን ሥራ በኩባንያው የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ነበረች። ደመወዝ ያላት፣ ብዕሯ የሰላ፣ በትልቅ ከተማ ራሷን ችላ የምትኖር ሴት በዚያ ዘመን ብዙ አልነበረችም። ባል አላገባችም፤ ልጅም አልወለደችም። አባቷ በ1902 ሲሞቱ እናቷን ወደ ፊላደልፊያ አምጥታ ጦረቻቸው። ወይዘሮ አንም በ72 ዓመታቸው ሜይ 9 ቀን 1905 አረፉ።

ይህ ዕለት በእኛ አቆጣጠር ሲሰላ ግንቦት 1 ቀን 1897 ዓ.ም. ሆኖ ይገኛል። ግንቦት አንድ በአገራችን የእመቤታችን ልደት የሚከበርበት፣ በየመንደሩ ንፍሮው ተቀቅሎ ሰው ደጅ ወጥቶ የሚመርቅበት ዕለት ነው። አሜሪካኖቹ ይህን አያውቁም፤ ነገሩም አጋጣሚ ነው። ቢሆንም ቀን ስንቆጥር ያገኘነውን ሳንነግራችሁ ለማለፍ አልቻልንም።

አና ከቀብር ስትመለስ የዚያን እሑድ ጸሎት ለመፈጸም ቆረጠች። መሣሪያዋ ብዕር ነበር። ለአገረ ገዢዎች፣ ለሰባክያን፣ ለጋዜጣ ባለቤቶች፣ ለባለጸጎች ደብዳቤ ትጽፍ ጀመር፤ መልስ ያልሰጠ እንደ ሆነ እንደ ገና ትጽፋለች። ከረዷት ሰዎች አንዱ በፊላደልፊያ ትልቅ መደብር የነበራቸው ጆን ዋናሜከር ናቸው። እኒህ ነጋዴ ራሳቸው በወጣትነታቸው ሰንበት ትምህርት ቤት መሥርተው ለብዙ ዓመታት የመሩ ሰው ነበሩ። በመጨረሻም ሜይ 10 ቀን 1908፣ ማለትም ግንቦት 2 ቀን 1900 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት፣ እናቷ ባስተማሩበት በግራፍተኑ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው የእናት ቀን ጸሎት ተደረገ። አና በቦታው አልነበረችም። ቴሌግራምና 500 ነጫጭ የካርኔሽን አበቦች ላከች። ካርኔሽን እናቷ የሚወዱት አበባ ሲሆን፣ ሲደርቅ ቅጠሉን ወደ ልቡ ሰብስቦ ይይዛል እንጂ አያረግፍም፤ አናም ይህን ከእናት ፍቅር ጋር ታመሳስለው ነበር። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ በፊላደልፊያ በዋናሜከር መደብር አዳራሽ ስብሰባ ተደረገ። አዳራሹ የሚይዘው 5,000 ሰው ሆኖ ሳለ 15,000 ያህል ሰው እንደ መጣ ተነግሯል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ዌስት ቨርጂኒያ በ1910 ቀኑን በአዋጅ ተቀበለች፤ ሌሎችም ተከተሉ። በ1909 ዋሽንግተን በተባለው ምዕራባዊ ግዛት በስፖኬን ከተማ አንዲት ሴት በቤተ ክርስቲያን ስለ እናት ቀን ስትሰማ፣ ስድስት ልጆች ብቻቸውን ያሳደጉ አባቷ ትዝ አሏትና ለአባቶች ቀን ትታገል ጀመር። (የአባት ቀን በሕግ የጸናው ግን በ1972 ነው። አባቶች ታግሠዋል።) አናም በ1912 ደመወዝ የምታገኝበትን ሥራዋን ትታ ዓለም አቀፍ የእናት ቀን ማኅበር አቋቋመች፤ የቀኑንም ስም በማኅበሩ ስም አስመዘገበች። በ1914 የአሜሪካ ምክር ቤት ውሳኔ አስተላለፈና ፕሬዚደንት ዉድሮ ዊልሰን ሜይ 9 ቀን አዋጁን ፈረሙ። የሜይ ወር ሁለተኛው እሑድ በመላ አገሪቱ የእናት ቀን እንዲሆን፣ በመንግሥት ሕንጻዎችም ላይ ሰንደቅ ዓላማ እንዲውለበለብ ታዘዘ። ወይዘሮ አን ካረፉ ልክ ዘጠኝ ዓመት መሆኑ ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ የሚል የሰንበት ትምህርት ቤት ተረት በሆነ ነበር። ቀኑ ግን የአና ብቻ ሆኖ አልቀረም። አስቀድመው የነቁት አበባ ሻጮች ናቸው። ሜይ በደረሰ ቁጥር የነጭ ካርኔሽን ዋጋ ወደ ላይ ይወጣል። ነጩ ያለቀ እንደ ሆነ ደግሞ ነጭ እናቱ ለሞተችበት፣ ቀይ እናቱ በሕይወት ላለችለት የሚል ልማድ አስለመዱ፤ ሁሉም ሰው አንዱን ወይም ሌላውን ይገዛ ዘንድ። ከአበባ ሻጮች ቀጥሎ ከረሜላ ሻጮች፣ ከእነርሱ ቀጥሎ ካርድ አታሚዎች መጡ። አና ከሁሉም አብልጣ የጠላችው የታተመውን ካርድ ሳይሆን አይቀርም። እርሷ የፈለገችው ልጅ ወደ ቤቱ ሄዶ እናቱን እንዲያይ፣ መሄድ ያልቻለ ደግሞ በገዛ እጁ ደብዳቤ እንዲጽፍ ነበር። ሌላ ሰው የጻፈውን ገዝቶ ከሥሩ ስምን ብቻ ማስፈር ለእናት የማይገባ ስንፍና ነው ብላ ታምን ነበር። እኛም ዛሬ በስልክ የተላከልንን የአበባ ሥዕል ሳናነበው ለእናታችን የምናስተላልፍ፣ እናታችንም ማዶ ቤት ተቀምጣ የምትቀበል፣ ይህ አይነካንም ልንል አንችልም።

ስለዚህ አና ቀኑን ለማቋቋም የታገለችውን ያህል ከነጋዴ እጅ ለማስለቀቅ ትታገል ጀመር። አበባ መግዛት እንዲቀር ብላ የካርኔሽን ሥዕል ያለበት የደረት ምልክት አዘጋጅታ በነጻ አደለች። ስሟን ያለ ፈቃድ ተጠቀሙ ያለቻቸውን ፍርድ ቤት አቆመች። በ1923 የከረሜላ ነጋዴዎች ስብሰባ ላይ ገብታ ተቃወመች። በ1925 ደግሞ ልጆቻቸው ወደ ጦር ሜዳ የዘመቱባቸው እናቶች ማኅበር በፊላደልፊያ ሲሰበሰብ፣ ካርኔሽን እየሸጡ ገንዘብ ያሰባስቡ ነበርና ገብታ ሁከት አነሣች፤ ፖሊስም ይዞ አወጣት። በአንድ መደብር ምግብ ቤት የእናት ቀን ሰላጣ የሚባል ምግብ ተዘርዝሮ አይታ፣ አዝዛ፣ ሲመጣላት መሬት ላይ ደፍታ፣ ሒሳቡን ከፍላ ወጣች የሚል ወሬም አለ። ሒሳቡን ከፍላ መውጣቷ ጠባይዋን በደንብ ያሳያል። በ1934 መንግሥት ለእናት ቀን ቴምብር ሲያወጣ፣ ሥዕሉ ላይ ካርኔሽን ተጨምሮበት ስላየች የአበባ ሻጮች ማስታወቂያ ነው ብላ እስከ ፕሬዚደንቱ ድረስ ጮኸች።

በዚህ ጉዳይ ላይ በመካከላችን ስንወያይ አንድ አሳብ ላይ መድረስ አልቻልንም። ግማሾቻችን አና ፍጹም ትክክል ናት እንላለን። ለእናት የተሰጠ ቀን የገበያ ቀን ሲሆን ማን ዝም ይላል? ሌሎቻችን ደግሞ ቀኑ በዓለም ላይ የታወቀው በከፊል በእነዚሁ ነጋዴዎች ማስታወቂያ አይደለም ወይ እንላለን። በአገራችንም ቢሆን በባቱ፣ በሆለታ፣ በሰበታና በቢሾፍቱ የአበባ እርሻዎች አሉ። ከሠራተኞቻቸው የሚበዙት ሴቶች ናቸው፤ ከመካከላቸውም እናቶች አሉ። በአውሮፓ የእናት ቀን ሲቃረብ የአበባው ፍላጎት ስለሚጨምር የእነርሱም ሥራ ይበረታል። ለአንዲት እናት የሚላከውን ጽጌረዳ ሌላ እናት ትቆርጠዋለች ማለት ነው። አና ይህን ብታይ ምን እንደምትል ለመገመት አንደፍርም።

በአንድ ነገር ላይ ግን ሁላችንም አዝነንባታል። አና የተቃወመችው ነጋዴዎችን ብቻ አልነበረም። ቀኑን ምክንያት አድርገው ለድሀ እናቶችና በወሊድ ለሚጎዱ ሴቶች ገንዘብ የሚያሰባስቡትንም ተቃወመች። የፕሬዚደንቱ ባለቤት ወይዘሮ ኤሊኖር ሩዝቬልት እንኳ ከቁጣዋ አላመለጡም። በበጎ አድራጎት ስም ቀኑን የሚዘርፉ አሉ የሚለው ጥርጣሬዋ ከንቱ ነው አንልም። ነገር ግን እናቷ በ1858 በየቤቱ እየዞሩ ይሠሩት የነበረው ሥራ ምን ነበር? ለታመመች እናት መድኃኒት መግዛት፣ ሕፃናት እንዳይሞቱ ወተት መመርመር አልነበረምን?

ቀደም ብለን እንመለስበታለን ያልነው እዚህ ላይ ነው። አና በእንግሊዝኛው ስም አጻጻፍ ላይ እጅግ ጥብቅ ነበረች። የባለቤትነት ምልክቱ በነጠላ ቁጥር እንጂ በብዙ እንዲጻፍ አትፈቅድም ነበር። ቀኑ ለእናቶች ሁሉ በጅምላ የሚከበር ሳይሆን እያንዳንዱ ልጅ የራሱን አንዲት እናት የሚያስብበት ነው ትል ነበር። በአሳቧ ከሄድን በአማርኛ ማለት የሚገባን የእናት ቀን ነው። እናቷ ግን ማኅበራቸውን የሰየሙት በብዙ ቁጥር ነው። ወይዘሮ አን የተመኙት እናቶች ተባብረው ለሌሎች እናቶች የሚሠሩበትን ቀን ሳይሆን አይቀርም። ልጃቸው ያቋቋመችው ደግሞ ልጆች እናታቸውን የሚያስቡበትን ቀን ነው። የሞተችባትን እናት የምታለቅስ ልጅ አንዲቱን እናቷን ብቻ ብታይ አያስደንቅም። እኛ በአማርኛ ሳናውቀው የእናቶች ቀን ብለን ስንጠራው ከልጅቱ ይልቅ ወደ እናቲቱ አሳብ ተጠግተናል።

የአና የመጨረሻ ዓመታት አሳዛኝ ናቸው። ከወላጆቿና ከወንድሟ የወረሰችው ገንዘብ በደብዳቤ፣ በጉዞና በክስ አለቀ። ከዚህ ሁሉ ዓመት ልፋት አንድ ሳንቲም አላተረፈችም፤ ልታተርፍም አልፈለገችም። ዓይነ ስውር ከሆነች እኅቷ ጋር በፊላደልፊያ ባለው ቤታቸው ዘግታ ተቀመጠች። የራሷም ዓይን እየፈዘዘ፣ ጆሮዋም እየከበደ ሄደ። በ1943 ነው እንግዲህ በመጀመሪያ የጠቀስነውን ያደረገችው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የደከመችለት ቀን እንዲሻር የሚጠይቅ ወረቀት ይዛ፣ የ79 ዓመት አሮጊት ሆና፣ ከቤት ወደ ቤት እየዞረች ሰዎች እንዲፈርሙላት ትለምን ነበር። ብዙም ሳትገፋበት በዚያው ዓመት መጨረሻ ታመመችና ዌስት ቼስተር በተባለች ከተማ ወደሚገኝ የሕሙማን ማረፊያ አስገቧት። የራሷ ገንዘብ ስላልነበራት ወዳጆቿ መዋጮ አደረጉ።

ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ ለማረፊያው ከተከፈለው ሒሳብ ከፊሉ የመጣው ከአበባ ሻጮችና ከካርድ ነጋዴዎች ነው። እርሷ ይህን ሳታውቅ እንደ ሞተች ይነገራል። ከፋዮቹ ውለታ ቆጥረው ይሁን፣ ኀፍረት ይዟቸው ይሁን፣ ወይስ የቀኑ መሥራች በድህነት ሞተች እንዳይባል ለገበያቸው ፈርተው፣ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ግምት ይዘናል።

አና ጃርቪስ ኖቬምበር 24 ቀን 1948 በ84 ዓመቷ አረፈች። ግራፍተን የሚገኘው የአንድሩስ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ የእናት ቀን መታሰቢያ ሆኖ ይጠበቃል። እርሷ ግን የተቀበረችው ከፊላደልፊያ ወጣ ብሎ በሚገኘው በዌስት ሎሬል ሂል መካነ መቃብር፣ ከእናቷ ከወይዘሮ አን አጠገብ ነው።